ኳሷ አልታጠፍ አለች፤ ነገ ፍጻሜ ነው

ግራ እግር፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ 9 ሰዓት ላይ እዚህ ጅማ የሰፈር ዋንጫ ፍጻሜ አለን፤ ቅጣት ምት የምመታው እኔ ነኝ። ኳሷ በግድግዳው ጎን ዞራ ወደ ቋሚው መመለስ ሲገባት ቀጥ ብላ ወደ ውጭ ትሄዳለች። ዛሬ 30 ጊዜ መትቼ ሁለት ብቻ ገቡ። አመታቴ ያው የድሮው ነው። ምን ላድርግ?

ቡና ለቃሚ፦ ኳሷን ንፏት።

የቀድሞ በረኛ፦ መጀመሪያ ነገር፣ መታጠፍ አለባት ያለህ ማን ነው? እኔን በረኛ ሳለሁ ያስለቀሰችኝ የምትታጠፈዋ አይደለችም፤ የምትታጠፈዋ ወዴት እንደምትሄድ ትናገራለች። ጭራሽ ሳትሽከረከር የምትመጣዋ ናት ጉዷ፤ እጅህ ሊደርስባት ሲል ትወላገዳለች። በ2010 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካው ዓለም ዋንጫ ጃቡላኒ የተባለችውን ኳስ በረኞች ስንት ረገሟት! መሐሏን ምታትና ተዋት።

ግራ እግር፦ ጋሼ፣ በአንድ ሌሊት አዲስ አመታት አልማርም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የምትሽከረከር ኳስ በአጠገቧ ያለውን አየር ይዛ ትዞራለች። በኋላዋ የሚቀረው አየር ወደ አንድ ጎን ሲገፋ እሷ ወደ ሌላው ትገፋለች። ኒውተን በ1672 እ.ኤ.አ. በቴኒስ ኳስ ላይ ይህንኑ አስተውሏል፤ ነገሩ የተሰየመው ግን በጀርመናዊው ማግነስ ስም ነው። አሜሪካኖች በሚጫወቱት ቤዝቦልም ሕጉ አንድ ነው፤ ወርዋሪው ኳሱን ከላይ ወደ ፊት እንዲሽከረከር አድርጎ ከለቀቀው ቶሎ ይወርዳል፣ ጣቶቹ ከኋላው ወደ ታች ጎትተው ከለቀቁት ግን ከአየሩ ድጋፍ ያገኛል። ዴንቨር የምትባለው ከተማቸው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ አየሩ ስስ ነውና ወርዋሪዎች ኳሳችን አልታጠፍ አለ ብለው ያማርራሉ። ጅማ ደግሞ ከ1,700 በላይ ናት።

ቡና ለቃሚ፦ መምህር፣ ልጁ ጅማ ተወልዶ ጅማ ያደገ ነው። ከተማዋ ትናንት ሌሊት ከፍ አለች እንዴ? ንፏት ብያለሁ።

ግራ እግር፦ አንድ ነገር ሳልናገር ቀረሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ለሥራ ጋምቤላ ነበርኩ። ከተመለስኩ አምስተኛ ቀኔ ነው።

የቀድሞ በረኛ፦ ይህን ቀድመህ ብትናገር ኖሮ መምህር ኒውተንን ከመቃብር ባልቀሰቀሱት ነበር።

አዌቱ ዳር፦ መምህር ልክ ናቸው፣ ግን ሒሳቡን እንጨርሰው። ጋምቤላ ከፍታዋ 500 ሜትር ብቻ አለፍ የሚል ነው። ሙቀቷን ጨምረን ብናሰላ እንኳ የጅማ አየር አንድ አሥረኛ ያህል ይሳሳል። እዚያ ሁለት ሜትር ትታጠፍ የነበረች ኳስ እዚህ ሃያ ሳንቲሜትር ገደማ ይጎድልባታል ማለት ነው። ይህ ቋሚ ያስመታሃል እንጂ ቀጥ አድርጎ አያስወጣህም። የቀረው ከኳሷ ወይም ከእግርህ ነው። ሜዳው እርጥብ ነበር? ኳሷስ የማን ናት?

ግራ እግር፦ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነበር። ኳሷ የቡድኑ ናት፤ ባለፈው ወር ተቀድዳ ተሰፍታለች።

አዌቱ ዳር፦ እንግዲያውስ ቡና ነጋዴ ዘንድ ሂድና በሚዛን አስመዝናት። ደንቡ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። ውሃ ጠጥታ ከከበደች አየሩ በዚያው ጉልበት ሲገፋት የምትዞረው ያንሳል። ቀጥሎ፣ በወገቧ ዙሪያ በጠመኔ መስመር አስምርና መሬት ላይ መስመሩን አግድም አድርገህ አስቀምጣት። ስትመታት መስመሩ እንደ ቀበቶ አግድም ሆኖ ከዞረ ሽክርክሪቱ ደኅና ነው። ከተገለባበጠ ግን ከሥሯ እየቆፈርካት ነው፤ ከፍ ትላለች እንጂ ወደ ጎን አትዞርም። ግራ እግር ነህና ከመሐሏ በስተግራ ሦስት ጣት ያህል ርቀህ፣ በእግርህ የውስጥ ጎን፣ ከአውራ ጣትህ ሥር ባለው አጥንት ምታት። ታኬታህንም ኳሷንም በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፤ ጭቃ ካለ እግርህ ይንሸራተትባትና አትሽከረከርም። ጉልበትህንም ቀንስ፤ ቀስ ያለች ኳስ ለመዞር ጊዜ ታገኛለች።

ቡና ለቃሚ፦ እኔ ያልኩትም ይህንኑ አይደል?

ጡረተኛው መምህር፦ አይደለም። የላላች ኳስማ ጭራሽ አትሄድለትም።

ግራ እግር፦ አስመዘንኳት፤ 540 ግራም! ነጋዴው ስንት ኪሎ ቡና ነው ብሎ ሳቀብኝ። ሌላ ኳስ ልዋስ እየሄድኩ ነው።

የቀድሞ በረኛ፦ የተጋጣሚያችሁ በረኛ የእህቴ ልጅ ነው፤ ወዴት እንደምትመታ ነግሬዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ ሰኞ ሆነ እኮ። ልጁ ምን ደረሰ?

ቡና ለቃሚ፦ ሳይነፏት ቀርተው ይሆናል።