ማደሪያችን ያለች ልጅ ጸሎት አልገባም አለች፣ ምን እናድርግ?

ከሴቶች ኅብረት
ጤና ይስጥልኝ። የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ተከራይቶ ከሴተኛ አዳሪነት የወጡ ልጆችን ያሳድራል። በቅርቡ የመጣችው 15 ዓመቷ ነው። ደላላ ከአውቶቡስ ተራ ተቀብሎ "የቤት ሠራተኛ አስቀጥርሻለሁ" ብሎ የወሰዳት ሌላ ቦታ ነው። ትበላለች፣ ከልጆቹ ጋር ትጫወታለች። የማታ ጸሎት ሲጀመር ግን ሽንት ቤት ገብታ ትቆልፋለች። ወንጌላዊው እጁን ሊጭንባት ሲል ጮኸች። ኮሚቴው ውስጥ "መንፈስ ነው" ያሉ አሉ። "የቤቱን ሥርዓት ካልያዘች ትውጣ" ያሉም አሉ። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። እንዲህ ባለ ቤት የሠራችሁ ምን ትላላችሁ?

የቤት እናት
እህቴ፣ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ አታስወጧት። ደጅ ላይ ማን እንደሚጠብቃት አንቺም ታውቂያለሽ።

እኔም እንዲህ ባለ ቤት ነው የምሠራው። ያለ ጸሎት አልውልም፣ አላድርም። ጩኸቷን ግን ጋኔን አትበሉት። ይህችን ልጅ ሳይጠይቃት ያልነካት ወንድ የለም። በማታ፣ በተዘጋ ክፍል፣ አንድ ትልቅ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እጁን ሲዘረጋባት ያ ሁሉ ይመጣባታል።

እኛ ቤት የማታ ጸሎት ሴቶች ብቻ ነን። በሩ ገርበብ ይላል፣ መብራት አይጠፋም። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ አይነካም። መግባት ያልፈለገች ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትከትፋለች። አንዷ ለወራት እንደዚያ ነበረች። ኋላ ላይ እየከተፈች መዝሙሩን ታንጎራጉር ጀመር። ጸሎት ሳትገባ የጸጉር ሥራ ተምራ ወጣች፣ አሁን እየመጣች የልጆቹን ጸጉር ትሠራለች። ሙስሊም ልጅ ስትመጣ ደግሞ የምትሰግድበት ቦታ እንለቃለን።

አልጋና እንጀራ የጸሎት መያዣ አይሁኑ። ማደሪያ በክፍያ መሆኑን ከደላላው በደንብ ተምራለች።

እህተ ማርያም
ሐኪም አይቷታል? ጋንዲ ሆስፒታል ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሕክምናውንም ምክሩንም የሕግ ድጋፉንም አንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው የሚጀመረው። ቀኑ አልፏል ብላችሁ ግን ምርመራውን እንዳትተዉት። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በእኛ በኩል ጸበል ገብተው መድኃኒት የሚያቋርጡ ነበሩ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ ለብዙዎች እፎይታ ሆነ። እናንተም ጋ "ተፈውሰሻል፣ ኪኒኑን ተዪው" የሚላት እንዳይኖር ጠብቋት።

ጠበቃ ነኝ
ልጅ ስለሆነች "ፈቅጄ ነው" ብትል እንኳ ተጎጂ ናት፣ በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1178/2012ን ተመልከቱ። ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አሳውቁ። ፎቶዋ ፌስቡክ ላይ እንዳይወጣ።

ከሴቶች ኅብረት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለገቢ ማሰባሰቢያው ቀን መድረክ ወጥታ ምስክርነት እንድትሰጥም ታስቧል። እሱስ?

የቤት እናት
በፍጹም! "እሺ" ብትልሽም ለማደሪያው ብላ ነው። መድረክ ላይ የተናገረችውን ነገ ሰፈሩ ያወራዋል፣ ትምህርት ቤት ድረስም ይከተላታል። ለለጋሾቹ የቤት ኪራዩን ደረሰኝ፣ የሐኪሙንና የትምህርቱን ወጪ አሳዩአቸው።