የፒክአፔ ባሌስትራ ተሰንጥቋል፣ ዝቅም ላደርገው እፈልጋለሁ (አዳማ)

ባለ ፒክአፑ፦
ሰላም ወገኖች። አሮጌ ፒክአፕ አለኝ። የኋላ ግራው ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ሁለተኛው ብረት ተሰንጥቋል። የቀድሞው ባለቤት ለጭነት ብሎ ተጨማሪ ብረት ስላስገባበት ኋላው ተሰቅሏል፣ ባዶውን ሲሄድ ደግሞ ወገብ ይቆርጣል። ከመቂ ሽንኩርት የምጭነው አልፎ አልፎ ነው። አንድ ጋራዥ "በይደን እንሰጥሃለን" አለኝ። ላስበይደው?

መካኒክ ከሀዋሳ፦
በፍጹም እንዳታስበይደው ወንድሜ! የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ታክሞ ነው፣ ብየዳ ሲነካው ዳሩ ይደርቅና ጭነት ላይ እያለህ እዚያው አጠገብ ይሰበራል። ብረቱን ቀይር። ግራና ቀኙን አንድ ላይ አስፈታ፣ አለበለዚያ መኪናው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ባሌስትራውን ከአክሰሉ (ከጎማዎቹ ዘንግ) ጋር የሚያስረውን ዩ ቦልትም አዲስ አድርግ፣ አንዴ የተወጠረ አይመለስም። በባሌስትራው ጫፎች ያለውን የቡሽ (የላስቲክ ትራስ) ብሎን መጨረሻ የምታጠብቀው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ሲቆም ነው፣ ተንጠልጥሎ ከታሰረ ቡሹ ተጠምዝዞ ቶሎ ይበላል።

ሌላ መልስ፦
ዝቅ ለማድረግ መጀመሪያ ያቺን ተጨማሪ ብረት አውጣ። ምናልባት እሷ ብቻ ትበቃሃለች። ብሎክ (ድፍን የብረት ቁራጭ) ካሰብክ ግን ጎንበስ ብለህ እይ፦ ባሌስትራው ከአክሰሉ በታች ከሆነ መሃላቸው የሚገባ ብሎክ ዝቅ ያደርገዋል፣ ከላይ ከሆነ ጭራሽ ከፍ ነው የሚያደርገው።

ባለ ፒክአፑ፦
አየሁት፣ ባሌስትራው ከላይ ነው። እንግዲህ ብሎኩ ቀረ። ተጨማሪዋን አስወጣለሁ።

መካኒክ ከሀዋሳ፦
ጥሩ። ሽንኩርቱንም ቀንስ፣ የመጫን አቅሙ ወርዷል። ኋላው ዝቅ ሲል ወደ ላይ ስለሚያበራ የፊት መብራቱንም አስተካክለው።