ዛፍ እያለ አፈሩ ለምን ይታጠባል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን። አዳማ ዳር ኮረብታ ስር የቤተሰብ መሬት አለን። ባህር ዛፍ ሞልቶበታል፤ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ዛፍ አፈር ይይዛል አልነበር እንዴ?

መልስ፦ ዛፉን ተወውና መሬቱን እይ። ከዛፉ በታች ሳር ወይም የረገፈ ቅጠል አለ? ከረጅም ዛፍ የሚወርድ ጠብታ እኮ ቅጠል ላይ ተጠራቅሞ ይተልቃል፣ መሬት እስኪደርስም ፍጥነቱን መልሶ ያገኛል። ባዶ አፈር ካገኘ ይበትነዋል፣ ደቃቁ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ከዚያ ውሃው መስረጉን ትቶ ይሮጣል። ደረቅ አካባቢ ላይ ዋናው መሬት የነካ ሽፋን ነው።

ሌላ መልስ፦ ልክ ነው። በጣም የሚጎዳው ደግሞ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ነው፤ በጋውን ሙሉ የተጋጠ መሬት ላይ ነዋ የሚወርደው። ከብት አታስገቡ፣ ሳሩን አጭዳችሁ አብሉ። ቁልቁለቱን አቋርጣችሁ ደሾ ወይም ቬቲቨር ሳር ትከሉ።

ጠያቂ፦ የጎረቤት ከብትስ? አጥር አይበግረውም።

ሌላ መልስ፦ ሳሩን ተካፈሏቸው፣ ራሳቸው ይጠብቁላችኋል 😄