ልጄ ያሳደገቻትን ዶሮ በየትኛው ምድብ ላስመዝግባት?

በሚኒሶታ የምንኖር ቤተሰብ ስንሆን፣ የ12 ዓመት ልጄ በፎር ኤች የወጣቶች ክበብ በኩል በካውንቲያችን ትርኢት ላይ አንዲት ቄብ ዶሮ ለማቅረብ ስትዘጋጅ ያላሰብነው ችግር ገጥሞናል። ጫጩቷን የሸጠልን ድርጅት «አሜሪካና» ብሎ ስለጠራት፣ እኛም «አሜሮካና» ከሚባለው ዝርያ ጋር አንድ መስሎን የመመዝገቢያ ቅጹን «አሜሮካና» ብለን ሞላን። ኋላ ሳጣራ ግን የአሜሪካ የዶሮ እርባታ ማኅበር በ1984 እ.ኤ.አ. በዝርያነት የተቀበለው አሜሮካና ሰማያዊ እንቁላል የሚጥል፣ እግሩ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ የላባው ቀለምም ከተፈቀዱት አንዱ የሆነ ነው። የእኛይቱ እንደ ጢም ያለ ላባ በአገጯና በጉንጯ ላይ ቢኖራትም እግሯ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ትናንት የጣለችው እንቁላልም ያልበሰለ የወይራ ፍሬ ይመስላል። «ኢስተር ኤገር» ከሚባሉት ድቅሎች መሆኗን አሁን አልጠራጠርም፤ ለልጄ ግን ገና አልነገርኳትም።

የትርኢታችን ደንብ በዝርያ ምድብ የሚቀርቡት ማኅበሩ እውቅና የሰጣቸው ብቻ እንዲሆኑ ያዛል፤ ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው 9 ቀን ነው። ቅጹን አርሜ በእንቁላል ጣይ ምድብ ባስገባት ዳኞቹ የሚያዩት ምኑን ነው? ከዶሮዋ ይልቅ የልጅቷ አያያዝና እውቀት በሚመዘንበት ውድድርስ ድቅል ይዛ መቅረቧ ነጥብ ያስቀንስባታል ወይ? ለዚሁ ውድድር የዶሮዋን ክንፍ ዘርግቶ ማሳየቱን በየማለዳው ስለምትለማመድ፣ ልጆቻችሁን ያወዳደራችሁ ወላጆች ያያችሁትን ብትጽፉልኝ ውለታችሁ ነው።