«ሬስ» ነገር ነው፤ ግን የቱ ነገር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የሮማን ታሪክ ጸሐፊዎች በላቲን ለማንበብ እየታገልኩ ነው። የሮማው ጦር መሪ ዩልዮስ ቄሣር ስለ ጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ሰዎች በጻፈው ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ደርሻለሁ። «ጎሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ለአዲስ ነገር ይጓጓሉ» ይላል። አስከትሎም በቀላሉና በፍጥነት ለጦርነት ይነሳሉ ይላል። አዲስ ነገር መውደድን ከጦርነት ጋር ምን አገናኘው? የት ጋ ነው የሳትኩት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «አዲስ ነገር» ያልካቸውን ሁለቱንም የላቲን ቃላት በትክክል ፈትተሃል። «ሬስ» ነገር ነው፣ «ኖዋይ» አዲስ ነው። ሲገናኙ ግን ሌላ ይሆናሉ። በሮማ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ «ሬስ ኖዋይ» ማለት አመፅ ነው። መንግሥት መገልበጥ፣ ሥርዓት መናድ ማለት ነው። ቄሣር የሚያወራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ56 በባሕር ዳር ያሉ ሕዝቦች ስላመፁበት ጊዜ ነው። ስለዚህ «ጎሎች ሁሉ ልባቸው ለአመፅ የተነሣ ነው» ብትለው ከጦርነቱ ጋር ወዲያው ይገጥምልሃል።

የታሪክ ጸሐፊው ሳሉስትም ይህንኑ ይላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ካቲሊና የተባለ የሮማ መኳንንት በመንግሥቱ ላይ ሲያሴር፣ ተራው ሕዝብ በሙሉ «ከአዲስ ነገር ፍላጎት የተነሣ» እቅዱን ይደግፍ ነበር ብሎ ጽፏል። እዚህም ላይ «አዲስ ነገር» ብለን ብንተወው አንባቢ ሕዝቡ ወሬ የናፈቀው ይመስለዋል።

አዲስነት ለምን ክፉ ሆነ? ሮማውያን የሚመኩት በአባቶች ልማድ ነበር። «ሞስ ማዮሩም» ይሉታል። ባለቅኔው ኤንዩስ «የሮማ ነገር ጸንቶ የቆመው በጥንቱ ልማድና በሰዎቿ ነው» የሚል ስንኝ አለው። እዚያም ውስጥ ያለው ያው «ሬስ» ነው። የቆመው ነገር አሮጌ ከሆነ፣ አዲሱ ነገር የሚያፈርሰው ነው ማለት ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የኛው «ነገር» ነው። «ነገር ፈለገ»፣ «ነገር ሠራ»፣ «ነገረኛ ነው» እንላለን። ክፋቱ ያለው «ነገር» ላይ ነው። «አዲስ» ሲጨመርበት ግን ቃሉ ይለዝባል። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ነው የምንባባለው። በላቲን ተገላቢጦሽ ነው። «ሬስ» ብቻውን ምንም ክፉ የለበትም፤ «አዲስ» ሲጠጋው ነው አስፈሪ የሚሆነው። አንተን ያሳተህ ይኸው ይመስለኛል።

በሌላው ሁሉ ግን «ነገር» ለ«ሬስ» የተገኘ ምርጥ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። «ሬስ» በችሎት የተያዘ ጉዳይም ነው፤ እኛም ነገረ ፈጅ አለን። እኛ ነገረ ማርያም፣ ነገረ መለኮት እንደምንለው እነሱም «ሬስ»ን ከሌላ ቃል ጋር እያጣመሩ ትልቅ ጉዳይን ይሰይሙበታል። የታሪክ ጸሐፊው ሊቪየስ 142 መጻሕፍት ያሉት ታሪኩን ሲጀምር፣ ከከተማዋ መነሻ አንሥቶ «የሮማ ሕዝብን ነገር» ሊጽፍ እንደሆነ ይናገራል። ዛሬ በእጃችን ያሉት 35ቱ ናቸው። እሱው አንድ ተረት ያቆየልናል፦ «ነገሩ ትሪያሪዎች ዘንድ ደረሰ»። ትሪያሪዎች በመጨረሻው ረድፍ የሚጠብቁ ልምድ ያላቸው ወታደሮች ናቸው። ነገሩ እነሱ ዘንድ ከደረሰ፣ ከፊት ያሉት አልቻሉም ማለት ነው። ይሄ ወደ አማርኛ ያለ ምንም ድካም ይገባል።

ጥያቄ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ላቋርጥዎት። «ሬስ ፑብሊካ»ንስ? እኔ ባገኘሁት ቁጥር «ሪፐብሊክ» እያልኩ ነው የማልፈው።

መልስ፦ እህቴ፣ እሱ ላይ ቆም በይ። ቃሉ የአገራችን መጠሪያ ውስጥ ስላለ የምናውቀው ይመስለናል። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ስንል ንጉሥ የሌለበት መንግሥት ማለታችን ነው። ለሮማዊ ግን መነሻው «የሕዝብ ነገር» ነው። ሮማዊው ፖለቲከኛና ተናጋሪ ኪኬሮ በግልጽ «ሬስ ፑብሊካ የሕዝብ ነገር ናት» ብሎ ተርጉሞታል። ንጉሥ ያለበት አገዛዝ እንኳ የሕዝብን ጉዳይ በፍትሕ ከያዘ በዚያ ስም ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ አብዛኛው ቦታ ላይ «የአገር ጉዳይ» ወይም «መንግሥት» ይሻላል።

ልዩነቱ የሚያም የሚሆነው የመጀመሪያው የሮማ ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ላይ ነው። ስለ ራሱ ባስጻፈው ጽሑፍ፣ ለ6ኛና ለ7ኛ ጊዜ ቆንስል (የሮማ ከፍተኛ ዓመታዊ ሹም) በሆነበት ወቅት ሬስ ፑብሊካን ከሥልጣኑ አውጥቶ ለሴናቱ (ለሮማ የሽማግሌዎች ሸንጎ) እና ለሮማ ሕዝብ እንዳስረከበ ይናገራል። የታሪክ ጸሐፊው ታኪቱስ ደግሞ አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ14 ስለሞተበት ጊዜ ሲጽፍ ይጠይቃል። ወጣቶቹ የተወለዱት አውግስጦስን ብቸኛ ገዥ ካደረገው ከአክቲዩም ድል በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹም አብዛኞቹ የተወለዱት በእርስ በርስ ጦርነት መካከል ነው። «ሬስ ፑብሊካን ያየ ስንት ሰው ቀርቶ ነበር?» ይላል። አንዱ መለስኳት ያላትን፣ ሌላው ያያት የለም ይላል። ቃሉ ግን አንድ ነው። ታኪቱስ ላይ «ሪፐብሊክ» ብትዪ አልቃወምሽም፣ የጠፋውን ሥርዓት ነውና የሚያስበው። አውግስጦስ አፍ ውስጥ ግን አታግቢው። እሱ ያለው «የአገሩን ጉዳይ አስረከብኩ» ነው።

በነገራችን ላይ የሪል እስቴት «ሪል» ከዚሁ ከ«ሬስ» የወጣ ነው። የሪያል ማድሪድ «ሪያል» ግን ዘሩ ሌላ ነው፤ ከ«ሬክስ»፣ ከንጉሥ ነው የመጣው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። አሁን ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የአውግስጦስን ጽሑፍ ካነሡ አይቀር፣ «ሬስ ጌስታይ» የሚለውን ርእሱን «ገድለ አውግስጦስ» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ይስባል፣ ግን እኔ አልለውም። ገድል በኛ ዘንድ የቅዱሳን ነው፤ የሚጽፈውም ሌላ ሰው ነው። ይሄ ሰው ስለ ራሱ ነው የሚናገረው። «ሬስ ጌስታይ» ሲፈታ «የተሠሩ ነገሮች» ነው።

አንድ የሚረዳን ምስክር አለ። ጽሑፉ ሮማ ውስጥ በሁለት የነሐስ ዓምዶች ላይ ነበር የተቀረጸው፤ እነሱ ጠፍተዋል። በብዛት የተረፈልን ዛሬ አንካራ ባለው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ነው፤ ላቲኑም የግሪክ ትርጉሙም አለ። የዚያን ዘመን ግሪካዊ ተርጓሚ «ሬስ ጌስታይ»ን «ፕራክሴይስ» ብሎታል። ይህ ቃል የሐዋርያትን ታሪክ በግሪክ የሚሰይመው ቃል ነው። አባቶቻችን በግእዝ «ግብረ ሐዋርያት» ያሉት እሱን ነው።

ስለዚህ «ግብረ አውግስጦስ» ማለት ይቻላል፣ በጣምም ያምራል። የዛሬ አንባቢ ግን «ግብር» ሲል ቀረጥ ነው ትዝ የሚለው። አውግስጦስ ደግሞ ዓለም ሁሉ እንዲጻፍ በማዘዙ ነው በሉቃስ ወንጌል የሚታወቀው፤ ቀረጡ ይብስ ይደባለቅበታል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የሐዋርያት ሥራ» እንደተባለው፣ እኔ «የአውግስጦስ ሥራ» ብዬ ነው የምጽፈው።