ዋይፋዩ ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም፦ ፎቅ ላይ የተጨመረ ሁለተኛ ራውተር

የአያት ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ቤቱ ጂ+1 ነው። የፋይበሩ ሳጥን ታች ሳሎን ውስጥ ነው፤ ሲግናሉ ፎቅ ስለማይደርስ ሁለተኛ ራውተር ተገዝቶ 20 ሜትር ገደማ በሚሆን የኔትወርክ ኬብል ተያይዟል። ኬብሉ ከሳጥኑ ላን 1 (ወደ ቤት ውስጥ መሣሪያዎች የሚያወጣው ፖርት) ወጥቶ በአዲሱ ራውተር ዋን ፖርት (ኢንተርኔት የሚገባበት) ገብቷል።

የሳጥኑ ፓወርና ፖን (የፋይበር ግንኙነት) መብራቶች አረንጓዴ ናቸው፣ አይብለጨለጩም። ሎስ የሚለው ጠፍቷል። ስልክ ከሳጥኑ ከራሱ ዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ሁሉም ይሠራል። ከፎቁ ራውተር ጋር ሲሆን ግን ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል። ስልኩ የሚያገኘው አድራሻ 192.168.1.102፣ ጌትዌዩ (ወደ ኢንተርኔት መውጫው) 192.168.1.1 ነው። በፎቁ ራውተር ሴቲንግ የግንኙነቱ ዓይነት ፒፒፒኦኢ (በዩዘርኔምና በፓስወርድ ወደ አቅራቢው የሚገባበት) ተመርጦ፣ መስመሩ ሲገባ የተሰጠው ዩዘርኔምና ፓስወርድ ተሞልቷል፤ የዋን አይፒው (ራውተሩ ከውጭ በኩል የሚያገኘው አድራሻ) ግን 0.0.0.0 ነው። ሳጥኑን ሪሴት ላድርገው ወይስ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው?

ገመድ ዘርጊ፦
ወንድሜ፣ የሳጥኑን ሪሴት እንዳትነካ! በመርፌ የሚጫነው ቀዳዳ ሳጥኑን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሰዋል፤ አቅራቢው የሞላውን መግቢያ ሊያጠፋው ይችላል። ያኔ አሁን የሚሠራው የታቹ ዋይፋይም ይቆማል፣ ቴክኒሻን መጠበቅ ግድ ይሆናል። ሳጥኑን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ መሰካት ሌላ ነገር ነው፣ እሱ የተሞላውን አያጠፋም።

መስመርህ ደህና ነው። ከሳጥኑ ዋይፋይ ላይ ኢንተርኔት እስከሠራ ድረስ ከውጭ ካለው ምሰሶ እስከ ሳጥኑ ድረስ የሚጠረጠር ነገር የለም። ጥፋቱ ከላን 1 ወዲህ ነው።

አንዱ ፒፒፒኦኢው ነው። በዚያ ዩዘርኔም ሳጥኑ ራሱ አስቀድሞ ገብቷል። የፎቁ ራውተር በዚያው ስም ሊገባ ሲጠይቅ ጥያቄው ሳጥኑን አያልፍም፣ እዚያም መልስ የሚሰጠው የለም። 0.0.0.0 ማለት ይኸው ነው። ፒፒፒኦኢ በሁለተኛ ራውተር ላይ የሚሞላው አቅራቢው ሳጥኑን በብሪጅ (ራሱ ሳይገባ መስመሩን ብቻ እንዲያሳልፍ) ሲያዋቅረው ብቻ ነው። አንተ ዘንድ የግንኙነቱን ዓይነት «ዳይናሚክ አይፒ» (አድራሻውን ከሳጥኑ በራሱ የሚቀበልበት) አድርገህ አስቀምጥና አንድ ደቂቃ ጠብቅ። ዋን አይፒው በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ካገኘ ሳጥኑና ራውተሩ ተነጋግረዋል።

አሁንም 0.0.0.0 ከሆነ ኬብሉን ጠርጥር። ሁለቱም ጫፍ ላይ የፖርቱ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ፣ ወይም እየበራ እየጠፋ ከሆነ፣ ጫፎቹ በትክክል አልተጨመቁም። የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ አንድ ይሁን፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት አረንጓዴውን ከነጭ አረንጓዴው ጎን 4ኛ ላይ በማስገባት ነው፤ ቦታው 6ኛ ነው። ርዝመቱ አያሳስብህ፣ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል።

የአያት ልጅ፦
አመሰግናለሁ። ዳይናሚክ ሲሆን ዋን አይፒው 192.168.1.4 ሆነ፣ ጌትዌዩ 192.168.1.1 ይላል። የፖርት መብራቶቹም በርተዋል። ስልኩ ላይ ግን ያው «ኢንተርኔት የለም» ነው።

ንዑስ መረብ፦
ቁልፉ የጻፍካቸው ቁጥሮች ውስጥ አለ። ስልክህ ከፎቁ ራውተር ያገኘው አድራሻ 192.168.1.102 ነው፣ ጌትዌዩም 192.168.1.1። ከሳጥኑ በኩል የመጣውም 192.168.1 ላይ ነው፣ የሳጥኑም አድራሻ 192.168.1.1። ሁለት መሣሪያ በአንድ አድራሻ ተቀምጠዋል፣ ያውም የፎቁ ራውተር የውስጡና የውጭው ወገን አንድ ዓይነት ሆኖበታል። ወደ ኢንተርኔት የሚሄደውን ለ192.168.1.1 ላስረክብ ሲል ያ አድራሻ የራሱ ነው፤ መረጃው እዚያው ይቀራል። ግጭቱን አይተው የራሳቸውን አድራሻ የሚቀይሩ ራውተሮች አሉ፣ ያንተ አልቀየረም።

ሁለት መውጫ አለ።

አንደኛው የፎቁን ራውተር የላን አድራሻ መቀየር ነው። በላን ሴቲንግ ውስጥ 192.168.10.1፣ ማስኩን 255.255.255.0 አድርገህ አስቀምጥ። ዲኤችሲፒው (ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለው ክፍል) የሚያድለው ከ192.168.10.100 እስከ 192.168.10.199 መሆኑን አረጋግጥ፤ አንዳንዱ ራውተር ይህን ራሱ አያስተካክልም። ሪስታርት ሲያደርግ ገጹ ይጠፋብሃል፣ ከዚያ በኋላ ሴቲንጉ የሚከፈተው በ192.168.10.1 ነው። ስልኩ ላይ ዋይፋዩን አጥፍተህ አብራው፣ አለዚያ አሮጌውን አድራሻ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ለቤት እኔ የምመርጠው፣ ራውተሩን አክሰስ ፖይንት (ራሱ አድራሻ ሳያድል ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ) ማድረግ ነው። ከሳጥኑ ጀርባ ሌላ ራውተር እንደ ራውተር ሲሠራ ታች ያለ ፕሪንተር ወይም ቴሌቪዥን ከፎቅ ስልክ ጋር አይተያይም። አክሰስ ፖይንት ሲሆን ቤቱ አንድ ኔትወርክ ይሆናል። ሴቲንጉ ላይ «አክሰስ ፖይንት ሞድ» ካለ እሱን መምረጥ ይበቃል። ከሌለ ቅደም ተከተሉን ጠብቅ፦ መጀመሪያ ኬብሉን ከዋን ንቀል። የላን አድራሻውን 192.168.1.2 አድርግ። ዲኤችሲፒውን አጥፋ። በመጨረሻ ኬብሉን ዋን ላይ ሳይሆን ከላን ፖርቶቹ አንዱ ላይ ሰካ። ዲኤችሲፒው ሳይጠፋ ላን ላይ ከሰካኸው አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አድራሻ አዳይ ይኖራል፤ አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም፣ ከሰዓት ደግሞ ይገለበጣል። ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት በጣም ያደክማል።

የሳጥኑ ዲኤችሲፒ 192.168.1.2ን ለሌላ መሣሪያ እንዳይሰጠው የሚያድለውን ክልል አይተህ ከክልሉ ውጭ ያለ ቁጥር ምረጥ።

መብራት ቢጠፋም፦
ይህን ገጽ በተመሳሳይ ችግር የሚያነብ ሰው ሳጥኑ ላይ ቀይ ሎስ ካየ ከላይ የተባለው ሁሉ አይመለከተውም። ቀይ ሎስ ማለት ብርሃኑ ሳጥኑ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ቀጭኑን የፋይበር ገመድ ከሶፋ ጀርባ ወይም ከበር ስር ተጣጥፎ እንደሆነ ተከታተለው፤ ጠበብ ያለ እጥፋት ብርሃኑን ያፈሰዋል። አረንጓዴዋን መሰኪያ ነቅሎ በጣት መንካት ወይም ጫፏን በዓይን ማየት አይገባም። የሳጥኑ ገጽ የብርሃኑን ጉልበት ካሳየ በ-8 እና በ-27 ዲቢኤም መካከል መሆን አለበት። ከ-27 በታች፣ ለምሳሌ -30 ከሆነ፣ ለአቅራቢው ቁጥሩን ጨምሮ መንገር ነገሩን ያፋጥናል።

ላንተ ደግሞ አድራሻውን ካስተካከልክ በኋላ ቴሌግራም እየሠራ ድረ ገጽ እምቢ ካለ ዲኤንኤሱ (የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚፈታው) ነው። ከላፕቶፕ ኢንተርኔት ላይ ያለውን 8.8.8.8ን ፒንግ አድርግ (መልስ ይሰጥ እንደሆነ ሞክር)፤ ከመለሰ መንገዱ ክፍት ነው፣ ስም የሚፈታው ነው የጎደለው። በአንድሮይድ ስልክ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» ላይ የተጻፈ አገልጋይ ካለ ወደ አውቶማቲክ መልሰው። አንድ ላፕቶፕ ብቻ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ሁሉንም ገጽ ከከለከለ ቀንና ዓመቱን እይ። የውስጥ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ጠፍቶ ሲነሳ ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል፣ የገጾቹን ምስክር ወረቀትም አይቀበልም።

የአያት ልጅ፦
አክሰስ ፖይንት አደረግኩት፣ ሠርቷል። የሳጥኑ ክልል ከ192.168.1.2 ስለሚጀምር ራውተሩን 192.168.1.254 ላይ አስቀመጥኩት፣ ክልሉ 253 ላይ ያበቃል። የዋይፋዩን ስም ከታቹ ጋር አንድ ላድርገው?

ንዑስ መረብ፦
አዎ፣ ስሙም ፓስወርዱም የደህንነት ዓይነቱም አንድ ይሁን፤ ስልኩ ደረጃ ስትወጣ ራሱ ይሸጋገራል። ቻናሉን ግን ለይ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ታቹ 1 ላይ ከሆነ ላዩን 6 ወይም 11 አድርግ፣ ስፋቱንም 20 ሜጋኸርዝ ላይ ተወው። ስልኩ ፎቅ ወጥቶም የታቹን ደካማ ሲግናል ሙጭጭ ካለ የሳጥኑን የማሰራጫ ጉልበት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው።