በ800 ዶላር የጌም ላፕቶፕ፦ ቅድሚያ ለየትኛው ክፍል ልስጥ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እህቴ በሚቀጥለው ወር ከአሜሪካ ስለምትመጣ፣ ከ800 ዶላር ያልበለጠ የጌም ላፕቶፕ እንድታመጣልኝ አስቤአለሁ። አንዱ አማራጭ ኮር አይ7 ሆኖ 16 ጊጋባይት ራምና ባለ 4 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) አለው፤ ሌላው ኮር አይ5 ከአርቲኤክስ 4050 ጋር ቢሆንም ራሙ 8 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ ወደ መጀመሪያው አዘንብያለሁ። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦
ወንድሜ፣ እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ ልቀይረው ቢሉ አይሆንም፤ ራም ግን በአብዛኞቹ የጌም ላፕቶፖች የታችኛውን ክዳን ፈትቶ መጨመር ይቻላል። የ4050 ካርዱ የራሱ 6 ጊጋባይት ሜሞሪም ለአዳዲስ ጌሞች ከ3050ው 4 ጊጋባይት በእጅጉ ይሻላል። ሌላ ባለ 8 ራም ስትጨምርበት ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ከአንድ ባለ 16 ይፈጥናሉ።

ሌላ መልስ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም የካርዱ ስም ብቻውን አያስተማምንም። ያው 4050 እንደ ላፕቶፑ አሠራር ከ35 እስከ 115 ዋት ድረስ ኃይል ስለሚመደብለትና ዋቱ ሲያንስ ፍጥነቱም ስለሚቀንስ፣ ዋቱን ሳታጣራ ገንዘብ እንዳታስከፍላት። እኔ ቅጥነቱን ወድጄ የገዛሁት ላፕቶፕ ሃያ ደቂቃ ሳልጫወትበት ግሎ ፍጥነቱ ይወርድ ስለነበር፣ አየር እንዲያገኝ ከኋላ እግሮቹ ሥር ሁለት የሃይላንድ ክዳን አስደግፌ እጠቀምበት ነበር።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዋቱንና ትርፍ የራም ማስገቢያ መኖሩን አጣርቼ፣ ለእህቴ የሁለተኛውን ትክክለኛ የሞዴል ቁጥር እልክላታለሁ።